ለጥገና የተሰጠ አይፖድና ባለቤት ያልመጣላቸው ዎክማኖች

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የቴፕ፣ የዎክማንና የኤምፒ3 ማጫወቻ ጥገና ሱቅ አለኝ። አንዲት ደንበኛ ባለ 160 ጊጋባይት አይፖድ ክላሲክ ባትሪው እንዲቀየር አመጡ። የሟች አባታቸው ድምፅ የተቀዳበት እንደሆነም ነግረውኝ ነበር። ባትሪውን ቀየርኩ፣ ዕቃው በራ። ሊወስዱት ሲመጡ ግን ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ምንም አያጫውትም። አሁን የአዲስ ዕቃ ዋጋና ካሣ ይጠይቁኛል፤ የእጅ ዋጋዬንም አልከፍልም ብለዋል። ዕቃው እኔ ጋ ነው። ሌላው ደግሞ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ 14 ማጫወቻዎች መደርደሪያዬን ሞልተውታል፤ ዓመት ያለፋቸውም አሉ። ግድግዳዬ ላይ «ከ30 ቀን በላይ ለቆየ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ ለጥፌያለሁ። ልሸጣቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እነዚያን 14 ዕቃዎች አይሽጡ፣ አንዱንም። ለጥገና የተሰጠዎት ዕቃ በእጅዎ ይቆያል እንጂ የእርስዎ አይሆንም፤ ዓመት ቢሞላውም ባለቤቱ ያው ደንበኛው ነው። በአደራ የተቀበሉትን ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለራስ ማድረግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ሊያስከስስ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ክርክር መስሎ የተጀመረ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

የግድግዳው ጽሑፍም አያድንዎትም። «ኃላፊነት አንወስድም» ማለትና «ዕቃው የእኛ ይሆናል» ማለት ለየቅል ናቸው። በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲወስኑ የሚፈቅድላቸው ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር ተጠያቂ አይሆኑም እስከማለት ድረስ ነው። በራስዎ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ወረቀት ለጥፎ ማምለጥ አይቻልም። ደንበኛው ሳያየውና ሳይስማማበት የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ የውሉ አካል ነው ብሎ ማስረዳቱም ይከብዳል።

ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። የ14ቱን ዝርዝር ይጻፉ፦ ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ቀሪ ሂሳብ። ለእያንዳንዱ ባለቤት ይደውሉ፤ ከዚያም ዕቃው መዘጋጀቱን፣ ሂሳቡንና የመጨረሻ ቀኑን የያዘ መልእክት በጽሑፍ ይላኩ፤ የላኩበትን ቀንም ይመዝግቡ። ምክንያታዊ ጊዜ፣ ለምሳሌ 30 ቀን፣ ይስጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይመጣ ካለ፣ ከቁጥር 1779 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የሚገባውን ተረከብ ተብሎ የማይረከብን ሰው ይመለከታሉ፤ ዕቃው የሚቀመጥበትን ወይም የሚሸጥበትን መንገድ እርስዎ በፍርድ ቤት በኩል ይጠይቃሉ። ለአንድ አሮጌ ኤምፒ3 ፍርድ ቤት መመላለስ እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መፍትሔው ዕቃውን ሲቀበሉ ቀብድ መያዝና የማስቀመጫ ክፍያ በወረቀቱ ላይ መጻፍ የሚሆነው።

እስከዚያው ጥበቃው በእርስዎ ላይ ነው። ከዎክማኖቹ ውስጥ ትንንሾቹን የእርሳስ ባትሪዎች (AA) ዛሬውኑ ያውጡ፤ ፈሳሻቸው ሲወጣ ሞላውንና ቦርዱን ይበላዋል፣ ያኔ «ሳመጣው እንዲህ አልነበረም» ለሚል ባለቤት መልስ አይኖርዎትም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ያለበትን ከሌሎቹ ለይተው፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡ፤ ለባለቤቱም ይንገሩት።

ወደ አይፖዱ እንምጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2610 መሠረት ሥራ ተቀባይ በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ይገደዳል። የእርስዎ ውጤት የባትሪ ቅያሪው ነበር፤ እሱን አድርሰዋል። ክርክሩ ሁሉ ያለው ሀርድ ዲስኩ የሞተው በእርስዎ እጅ ነው ወይስ በራሱ ጊዜ የሚለው ላይ ነው። ለዚህ መልስ ሳያገኙ ደንበኛዋን «የእኔ ጥፋት አይደለም» አይበሉ።

ለሙያው ሰው አዲስ አልነግርም፣ ዳኛ ፊት ግን ነጥቡ ይህ ነው። የክላሲኩ የኋላ ሽፋን ከቦርዱ ጋር የሚያያዘው በሁለት ቀጫጭን ፍላት ኬብሎች ነው፤ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫው። ሽፋኑ በኃይል ሲከፈት ኬብሉ ወይም መያዣው ይቀደዳል። ሀርድ ዲስኩም በፍላት ኬብል ነው የሚያያዘው፤ ባትሪውን ለማውጣት ሲነካካ ኬብሉ በትንሹ ከቦታው ቢንሸራተት ዲስኩ ላይነበብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደንበኛዋ ባሉበት ይክፈቱት፤ ኬብሉን አውጥተው በጥንቃቄ ይመልሱትና ይሞክሩት። ችግሩ እሱ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። «ሪስቶር» የሚለውን ግን እንዳይነኩ፤ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ሊተርፍ ይችል የነበረው ድምፅ ያኔ በእርስዎ ጣት ጠፋ ማለት ነው።

ኬብሉ ካልሆነ የዲስኩን የራሱን መዝገብ ያንሱ። ሜኑንና የመሐሉን ቁልፍ ተጭነው እንደገና ያስነሡት፤ የአፕል ምልክት ሲመጣ የመሐሉንና የኋላ መመለሻውን ቁልፍ ይያዙ። በሚከፈተው የምርመራ ገጽ ውስጥ የሀርድ ዲስኩ የስማርት መረጃ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት የተበላሹ ቦታዎች በሌላ እንደተተኩ ያሳያል። ያንን ገጽ ፎቶ ያንሱት። የተተኩት ቦታዎች ብዙ ከሆኑ ዲስኩ ከመምጣቱ በፊት መዳከም እንደጀመረ ያመለክታል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም፣ መውደቅም እንዲህ ያደርጋል። ሲረከቡት እያጫወተ እንደነበረ ካመኑና ሌላ ማብራሪያ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ እርስዎ ያዘነብላል።

ጥፋቱ የእርስዎ ሆኖ ከተገኘ ስንት ይከፍላሉ? «የአዲስ ዋጋ» የሚለውን መቀበል የለብዎትም፤ አፕል ክላሲክን መሸጥ ያቆመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልኩ የዚያ ያገለገለ ዕቃ ዋጋ ነው። ስለ አባታቸው ድምፅ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በቁጥር 1799 ካሣ የሚተመነው እንደዚህ ያለ ጉድለት በተለመደው ሁኔታ በሚያደርሰው ጉዳት ልክ ነው፤ ቁጥር 1801 ደግሞ ጉዳቱን የሚያከብደው ልዩ ሁኔታ ውሉ ሲደረግ ለባለ ዕዳው (ግዴታ ላለበት ወገን፣ እዚህ ለእርስዎ) ተነግሮት ከሆነ በእውነት የደረሰው ጉዳት ይታሰባል ይላል። እሳቸው ነግረውዎታል። ስለዚህ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ባለሙያ የሚጠይቀው ወጪ በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 813/2006) ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል።

የእጅ ዋጋዎን በሚመለከት ቁጥር 1757 አለልዎት፤ የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልቀረበ ወገን የሌላውን መጠየቅ አይችልም። እስኪከፈልዎ አይፖዱን መያዝ ይችላሉ፤ ግን ለዚሁ ሥራ ሂሳብ ብቻ እንጂ ለቆየ ዕዳ መያዣ አያድርጉት። ዲስኩን ያበላሹት እርስዎ ከሆኑ ያው ቁጥር ለእሳቸውም ይሠራል። የእኔ ምክር፦ ጥፋተኝነት ሳያምኑ፣ ባትሪውን በነፃ አድርገው፣ የመረጃ ማውጫውን ወጪ ለሁለት ለመክፈል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ከተስማሙ የእርቅ ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያ ድምፅ ለልጅ ስንት እንደሚመዘን ያውቃሉና።

ከዛሬ ጀምሮ ያለ ወረቀት ዕቃ አይቀበሉ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ ስም፣ ስልክ፣ ሞዴል፣ የኋላ ሽፋኑ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር፣ ጭረቱና ስንጥቁ ይጻፍ። ደንበኛው እያየ ሁለት ደቂቃ አጫውተው «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ይበሉ፤ ዎክማን ከሆነ በውስጡ ካሴት መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ፣ ያረጀ ላስቲክ ካሴት ይበላልና። ከዚያም ይህን ያክሉ፦ «በውስጡ ያለው ድምፅና ዘፈን ተቀድቶ ተቀምጧል/አልተቀመጠም። ዋጋው ከተስማማነው በላይ ከሆነ ሳይጠየቅ አይሠራም። ዝግጁ መሆኑ ከተነገረ ከ30 ቀን በኋላ በቀን … ብር የማስቀመጫ ይከፈላል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ይመለሳል።» ቀንና የሁለታችሁ ፊርማ ይኑርበት።

ከመክፈትዎ በፊት ቅጂ ካስቀመጡ ለደንበኛው ብቻ ይሁን፤ እሱ ዕቃውን ሲረከብ ያጥፉት። ያንን ቅጂ ለሌላ ሰው ሜሞሪ መጫን በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 ሌላ ክስ ያመጣብዎታል። የወረቀቶቹን ቀሪ በየዓመቱ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ከውል የሚነሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት በመደበኛው በይርጋ የሚታገደው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።