«ደንገል» እና «ፊላ» አንድ ተክል ናቸው?

ጥያቄ፦ በውኃ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ተክል አንዱ ጸሐፊ «ደንገል»፣ ሌላው «ፊላ» ይለዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው? «ሣር» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ደንገል ፓፒረስ ነው፤ ከቄጠማ ወገን ይመደባል። ፊላ ግን በሳይንስ ስሙ ታይፋ የሚባለው ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው። የሚያመሳስላቸው አኗኗራቸው ነው። ሁለቱም ረግረግና ጥልቀት የሌለው ውኃ ይወዳሉ፤ በጭቃ ውስጥ በሚሳብ ግንድ እየተስፋፉም ጥቅጥቅ ብለው ይቆማሉ። ከሩቅ ያያቸው ሰው ቢያምታታቸው አይፈረድበትም።

ለመለየት አበባ መጠበቅ አያስፈልግም። የደንገልን ዘንግ በጣት ይዘው ቢያዞሩት ሦስት ጠርዝ ይዳሰሳል። አግድም ሲቆረጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡም አየር በያዘ ነጭ፣ ስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላ ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራውም ይህ አየር ስለሚያንሳፍፈው ነው። ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ነው፤ ቅጠል የነበረው ከሥሩ ወደ ሽፋንነት ተለውጧል፤ ጫፉ ላይ ግን ክር የመሰሉ ቀጫጭን ጨረሮች ዙሪያውን ይበተናሉ። ስለዚህ «ረጃጅም የደንገል ቅጠሎች» የሚል ዐረፍተ ነገር ካጋጠመዎት ጸሐፊው ያሰበው ፊላን ሳይሆን አይቀርም።

ፊላ ቅጠሉ ነው ዋናው። ከሥሩ በሁለት ረድፍ የሚወጣ፣ እንደ ቀበቶ ረጅምና ጠባብ ቅጠል አለው። የአበባው ዘንግ ክብ ነው። ጫፉ ላይ የወንዴው አበባ፣ ከሥሩ ደግሞ ወፍራምና ቡናማ የሆነው የሴቴው አበባ ይቀመጣል፤ ሲበስል ጥጥ መሰል ብናኝ ሆኖ በነፋስ ይበተናል። የፊላ ዝርያዎች ራሳቸው ይለያያሉ፦ ቅጠለ ሰፊው ላይ ሁለቱ አበባዎች አብዛኛውን ጊዜ ይነካካሉ፤ በቅጠለ ጠባቦቹ ላይ በመካከላቸው ባዶ ዘንግ ይታያል።

«ሣር» የሚለው በዕለት ንግግር ቢያልፍም ለትምህርት ጽሑፍ «ሣር መሰል» ይሻላል። የእውነተኛ ሣር አገዳ አንጓ አለው፤ በአንጓዎቹ መካከል ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ሸምበቆ በዚህ መለኪያ ሣር ነው። ስለዚህ ሲተረጉሙ «ሸምበቆ»ን ለሁሉም የውኃ ዳር ተክል አይስጡ። ዋናው ጽሑፍ ሦስት ጠርዝ ካለ ደንገል፣ ቡናማ ራስ ካለ ፊላ ይበሉ፤ ምልክት ካልሰጠ «ሣር መሰል የረግረግ ተክል» ማለት በግምት ከመሰየም ይሻላል።