መልስ፦ ለራይዘን 5600 ሲፒዩዬ የፍጥነት ቁጥሩ 3600 የሆነ ራም ገዝቼ 2133 ብቻ ያሳያል፤ ቮልቴጁን 1.5 አድርጌ ላፍጥነው?

ወንድሜ፣ ራምህ ጤነኛ ነው። ዲዲአር4 ራም 3600 ቢጻፍበትም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራሙ ዝግጁ የፍጥነት ቅንብር እስኪበራ ድረስ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠራው። 1.5 ቮልቱን ተወው፤ ጀማሪ ራሙ ላይ ከተጻፈው፣ ብዙ ጊዜ 1.35 ነው፣ ማለፍ የለበትም። ኤክስኤምፒ ፍጥነቱንም ታይሚንጉንም (የራሙን የምላሽ መዘግየት) ቮልቴጁንም አንድ ላይ ያስተካክልልሃል።

ከማብራትህ በፊት ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ይህን እባክህ አትዝለለው፤ ያልተረጋጋ ራም ምንም ምልክት ሳያሳይ ፋይል ያበላሻል። ዊንዶውስ ተነሳ ማለት ራሙ ተረጋጋ ማለት አይደለም። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነህ 4 ዙር አስኪደው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ወደ 3400 አውርደህ እንደገና ፈትሽ።

ሲፒዩህ ራይዘን 5600 ስለሆነ 3600 ላይ ኤፍክሎክ (የሲፒዩው ውስጣዊ መገናኛ ፍጥነት) 1800 መሆኑንም ባዮስ ውስጥ እይ። ሁለት ራም ከሆነና ማዘርቦርዱ 4 የራም ቦታ ካለው፣ ብዙ ጊዜ ከሲፒዩው ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ይሰካ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እየጠፋ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል። እምቢ ካለ ከሶኬት ነቅለህ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለ5 ደቂቃ አውጣው፤ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።