መልስ፦ የ4 ዓመት ልጄ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይቀመጥም፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ «ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል፣ እኔ ግን አለቅኩ» ያልሽው ልቤን ነካው። የኔም የመጀመሪያ ልጅ እንደዚሁ ነበር። ልጅሽ ባለጌ አይደለም፣ አንቺም መጥፎ እናት አይደለሽም።

«ቁጭ በል!» እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኽኩ! አይሠራም። የሠራልኝ ጉልበቱን የሚያፈስበት ሥራ መስጠት ነው፤ የልብስ ቅርጫት ይጎትታል፣ ትራስ ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ያመላልሳል፣ ደረጃ ካለ ይወጣል ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብ ራሱ መጥቶ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ትንፋሹን ፈጠን የሚያደርግ ጨዋታ መሆን አለበት። ብዙ ነው አይደል? ግን በአንዴ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ነው።

እንቅልፉንስ አይተሽዋል? ትልቅ ሰው ሲደክመው ይፈዛል፣ ብዙ ሕፃን ግን ሲደክመው ጭራሽ ይብስበታል። የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ከመኝታ በፊት ስልክና ቲቪ ዝጊ።

ትእዛዝም አንድ በአንድ ስጪው። ዓይኑን እያየሽ፣ በአጭሩ።

ቤትም ትምህርት ቤትም ለወራት እንዲሁ ከሆነ፣ ከልጆች ጋር መጫወት ካቃተው ወይም ራሱን አደጋ ላይ ከጣለ ግን ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው። ጎረቤት ስም ሲያወጣለት አትስሚ።