ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ፊልሞችና ሙዚቃ፦ ጥያቄና መልስ ከመምህሩ ጋር

መምህሩ፦ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቫዮሊን በማስተማር ነው። ስለ ፊልሞቹ እመልሳለሁ፤ ስለ ሙዚቃው ብትጠይቁኝ ግን ደስ ይለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ፦ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት የቻፕሊን ፊልም ሙዚቃ ስላለው ብቻ፣ ሙዚቃው የእርሱ ድርሰት ነው ብላችሁ አትመኑ። ማንም ሰው ያገኘውን ፒያኖ ይደርብበታል።

አዲስ ገቢ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ቻፕሊንን አይቼ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር?

መምህሩ፦ ከ«ሲቲ ላይትስ»፣ 1931። የራሱ ሙዚቃ ያለበትን እትም።

ክራረኛዋ፦ መምህር፣ እንደ ቻፕሊን ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው ለሙሉ ኦርኬስትራ እንዴት ይደርሳል? ሌሎች ሠርተውለት እርሱ ስሙን ብቻ ነው የለጠፈበት የሚሉ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መምህሩ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ ምን ይጻፋል? ዜማ የእገሌ፣ ግጥም የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ። ዜማ ደራሲው ኖታ ስላልቆጠረ ዜማው የእርሱ አይደለም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ለቻፕሊን ሲሆን ሚዛኑ ለምን ይለወጣል? ሰውዬው ዜማውን እያንጎራጎረ፣ ፒያኖ ላይ በጥቂት ጣቶች እየፈለገ ያወጣዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው አቀናባሪ ይጽፈዋል፤ ከዚያ እንደገና አሰምተኝ፣ ይህን ቀንስ፣ ይህን መልስ እየተባለ ይሠራል። «ሲቲ ላይትስ» ላይ አጠገቡ የነበረው አርተር ጆንስተን ነው፤ ኦርኬስትራውን የመራው አልፍሬድ ኒውማን። ለ«ሞደርን ታይምስ» የመጣው ደግሞ ዴቪድ ራክሲን፣ ያኔ ገና የ23 ዓመት ወጣት። ያልተስማማበትን ፊት ለፊት ስለሚናገር ሥራውን በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተባረረ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተጠራና ፊልሙን አብረው ጨረሱት። ሙዚቃው ግድ የማይሰጠው፣ ስሙን ብቻ የሚለጥፍ ሰው በአንድ ዜማ ምክንያት ሠራተኛ አባርሮ መልሶ ይጠራል?

ስለ ቫዮሊኑ ልጨምር፣ ማንም ስለማይጠይቀኝ። ግራኝ ነበር። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ራሱ ጽፏል። መሣሪያው ለግራኝ ተብሎ የተገለበጠ ነበር፤ የክሮቹ ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ያሉት ዘንግና ምሰሶም ቦታ ተለዋውጠዋል። ክር ብቻ ገልብጦ የሚጫወት ተማሪ መጥቶብኝ ያውቃል፤ ወፍራሙ ክር የሚያርፈው ምሰሶው ባለበት በኩል ስለሚሆን ድምፁ ይታፈናል። ቻፕሊን ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስለ መሣሪያ የማያውቅ ሰው አይደለም።

የጣና ልጅ፦ «ሲቲ ላይትስ» ላይ የአበባ ሻጯ ዜማስ? የሌላ ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ እርሱ እውነት ነው። «ላ ቪዮሌቴራ» የስፔናዊው የሆሴ ፓዲያ ዜማ ነው። ስሙ ሳይጠቀስ ስለቀረ ከሶ ረትቷል። የቀረው ሙዚቃ ግን የቻፕሊን ነው፤ በአንድ ዜማ ሁሉንም አትጣሉ።

የኪተን ወዳጅ፦ ሙዚቃ ሙዚቃ ትላላችሁ። ሌላው የድምፅ አልባ ፊልም ቀልደኛ በስተር ኪተን ያለ ሙዚቃም ያስቃል። የ1928ቱን «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ተመልከቱ፤ የቤቱ ግንብ ሙሉ በሙሉ ሲወድቅበት እርሱ የቆመው መስኮቱ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ቻፕሊን እንዲህ ያለ ነገር መቼ ሠራ?

ሸገር፦ ግንብ ወደቀበት፣ አልሞተም። ከዚያስ? ቻፕሊን እኮ ያስለቅስሃል።

የኪተን ወዳጅ፦ ማስለቀስ ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ አምጥተህ ከአባቱ እጅ ብትነጥቅ ማንም ያለቅሳል።

ሸገር፦ «ዘ ኪድ»ን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስከው! 1921 ላይ ሳቅና ልቅሶን በአንድ ረጅም ፊልም የሚደፍር ስንት ሰው ነበር?

መምህሩ፦ ይህ የጥያቄና መልስ ቦታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ «ላይምላይት»ን ይመልከት፤ 1952 ላይ አንድ መድረክ ላይ ወጥተዋል፤ ኪተን ፒያኖ ላይ፣ ቻፕሊን ቫዮሊን ይዞ። ማን ይበልጣል የሚለውን እዚያው ጨርሱት።

ነቢብ፦ ስለ ቻፕሊን ንገሩን።

መምህሩ፦ ምኑን?

ነቢብ፦ ጠቅላላ።

መምህሩ፦ 1889 ለንደን ተወለደ፣ 1977 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ። ጠቅላላው ይኸው ነው። የተለየ ጥያቄ ካለህ ተመለስ።

ወለላ፦ መምህር፣ አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ፊልሞቹ አስቂኝ ሆነው ሙዚቃው ግን ብዙ ጊዜ አያስቅም። ያዝናል እንጂ። ሆን ብሎ ነው?

መምህሩ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሆን ብሎ ነው። አቀናባሪዎቹ አስቂኝ ሙዚቃ ሊሠሩለት ይፈልጉ ነበር፤ እርሱ እምቢ አለ። የፈለገው የተዋበ፣ የፍቅር ሙዚቃ ነው፤ ራሱ ከሚጫወተው ከቡትቷሙ ሰውዬ ጋር እንዲነጻጸር። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ዘንድ የሚቀመጥበትን ቦታ አስታውሺ። ትንፋሹን ውጦ በፍቅር ሲያያት፣ እርሷ መኖሩን ሳታውቅ ዕቃዋን አለቅልቃ ውኃውን ፊቱ ላይ ትደፋበታለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ከበሮና ጥሩምባ ያስጮህ ነበር። ሙዚቃው ቀልዱን ቢያግዝ ሰውዬው መሣቂያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሙዚቃው የሚናገረው ሰውዬው ራሱን እንዴት እንደሚያይ ነው፤ ክቡር፣ ጨዋ፣ አፍቃሪ አድርጎ።

ድምፅ ራሱ ቀልድ የሚሆንበትን ቦታም ያውቃል። በዚያው ፊልም ግብዣ ላይ ፊሽካ ይውጣል። ስቅ ባለው ቁጥር ፊሽካው ከሆዱ ይጮኻል፤ ሊዘፍን የተነሣው ሰው ይቋረጣል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ታክሲ ይቆምለታል፣ ቀጥሎ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይከተለዋል። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርሱ ንግግር አላስገባም፤ ድምፁን ግን እንዲህ ተጠቀመበት። ድምፅ አልባ ፊልም ነው ብሎ ድምፁን ዘግቶ የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል። ለሁለተኛ ጊዜ እላለሁ፦ የራሱ ሙዚቃ ያለበትን እትም።

ባለ ባርኔጣ፦ ቻፕሊንን ለመጀመር የትኛው ይሻላል?

መምህሩ፦ ከላይ ተመልሷል።

የጎንደር ልጅ፦ ሰዎቹ ለምንድን ነው እንደዚያ የሚሮጡት? ድሮ ሰው እንደዚያ ይራመድ ነበር እንዴ?

መምህሩ፦ አልነበረም። ካሜራው በእጅ የሚዞር ነበር፤ በሰከንድ ከ24 ያነሰ ምስል ይቀርጻል። በሰከንድ 24 በሚያሳይ መሣሪያ ስታየው ይፈጥናል። እርግጥ ቻፕሊን ራሱ ለቀልዱ ትንሽ ፍጥነት ይወድ ነበር። መንቀጥቀጥ እስኪመስል ከሮጠ ግን ቅጂው የተበላሸ ነው፤ ተወው።

ሸገር፦ ቀለም የተቀባውስ?

መምህሩ፦ ስለ እርሱ አልናገርም።

ሚዛን፦ መምህር፣ ሙሶሊኒ ላይ የሠራው ፊልም አለ የሚባለው የትኛው ነው? ስለ እኛስ ያነሣል?

መምህሩ፦ «ዘ ግሬት ዲክቴተር»፣ ጥቅምት 1940። ስለ ኢትዮጵያ በስም አያነሣም። ነገር ግን ፊልሙ ሲወጣ አዲስ አበባ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት በግንቦት 1941 ነው። ይህን ይዘህ ካየኸው የናፓሎኒ ነገር የበለጠ ይጥምሃል። ጃክ ኦኪ የተጫወተው የ«ባክቴሪያ» መሪ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን አውጥቶ። ቻፕሊን በሂትለር አምሳል ከሚጫወተው አምባገነን ከሂንክል ጋር ጸጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ለማለት ወንበራቸውን ወደ ላይ እያስመነጠቁ ኮርኒሱ ሊደርሱ ይቃረባሉ።

ሙዚቃውን ግን ሳትሰማ አትለፍ። ሂንክል ዓለምን በፊኛ መልክ እየወረወረ ሲደንስ የሚሰማው የቫግነር ኦፔራ «ሎሄንግሪን» መግቢያ ነው። ፊኛው ይፈነዳል። ከዚያ ምስኪኑ ጸጉር ቆራጭ፣ እርሱም ቻፕሊን ነው፣ በብራምስ 5ኛው የሀንጋሪ ዳንስ ደንበኛውን ይላጫል፤ ምላጩ ከቫዮሊኖቹ ጋር አንድ ላይ ሲያርፍ ተመልከት፤ አንድም ምት አያመልጠውም። በፊልሙ መጨረሻ፣ ጸጉር ቆራጩ ተናግሮ የሚወዳት ሐና ቀና ስትል፣ ያው የቫግነር ሙዚቃ ይመለሳል። አምባገነኑ ዓለምን ሊውጥ ያለመበት ዜማ ለተገፉት ሰዎች ተስፋ ተሰጠ። ሂትለር ቫግነርን ምን ያህል ይወድ እንደነበር ይታወቃል። ቻፕሊን ሙዚቃውን ነጠቀው። ስለ መጨረሻው ንግግር ብዙ ይጻፋል፤ ስለዚህ ግን የሚያነሣ ሰው አላየሁም።

የኪተን ወዳጅ፦ ንግግሩ ረዝሟል።

መምህሩ፦ በዚህ እንኳ እስማማለሁ።

ወለላ፦ «ሞደርን ታይምስ» ላይ የሚዘፍነው በምን ቋንቋ ነው? ጣሊያንኛ መሰለኝ።

መምህሩ፦ በምንም። ግጥሙን እጅጌው ላይ ጽፎ ነበር፤ ወደ መድረኩ ሲወጣ እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ተወርውሮ ይሄዳል። ከዚያ ጣሊያንኛም ፈረንሳይኛም የሚመስል ትርጉም የለሽ ነገር ይዘፍናል፤ ታሪኩን ግን በእጁና በዓይኑ ሙሉ በሙሉ ትረጂዋለሽ። ዜማው «ቲቲን» የሚባል የፈረንሳይ ዘፈን ነው። የዚያ ሰውዬ ድምፅ በፊልም የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጣና ልጅ፦ «ስማይል» ከዚያ ፊልም ነው አይደል? ናት ኪንግ ኮል ነው የደረሰው?

መምህሩ፦ ዜማው የቻፕሊን፣ 1936። ግጥሙ የተጨመረው 1954 ላይ በጆን ተርነርና በጄፍሪ ፓርሰንስ ነው። ኮል ዘፈነው እንጂ አልደረሰውም። ዜማ፣ ግጥም፣ ድምፅ። ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ባለ ከዘራ፦ አስከሬኑ ተሰርቆ ነበር የሚባለው?

መምህሩ፦ አዎ፣ 1978። ተገኝቷል። ቀጥሎ።

ክራረኛዋ፦ ኦስካርስ ለሙዚቃው አግኝቷል?

መምህሩ፦ 1973 ላይ፣ ለ«ላይምላይት»፣ ከሬይመንድ ራሽና ከላሪ ራስል ጋር። ፊልሙ የ1952 ነው። በዚያ ዓመት ለእይታው ወደ ለንደን እየሄደ ሳለ የአሜሪካ መመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ፊልሙም ሎስ አንጀለስ ውስጥ የታየው 20 ዓመት ቆይቶ በ1972 በመሆኑ ያኔ ለውድድር በቃ። በፉክክር ያሸነፈው ኦስካር እርሱ ብቻ ነው፤ በትወናም በዝግጅትም ሳይሆን በሙዚቃ! ስሙን ብቻ ለጠፈ የሚሉት ይህን ይዋጡት።

አዲስ ገቢ፦ መምህር፣ «ዘ ጎልድ ራሽ»ን አገኘሁ፤ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ላይ ሰው ይተርካል።

መምህሩ፦ የሚተርከው ቻፕሊን ራሱ ነው፣ የ1942ቱ እትም። ሙዚቃ የጨመረበት ያኔ ነው፤ የመጨረሻውን መሳሳም ግን አወጣው። የ1925ቱ ላይ አለ። ሁለቱንም ተመልከት፤ ግን ከ«ሲቲ ላይትስ» ጀምር ብዬህ አልነበረም?

ሸገር፦ አጫጭሮቹ ላይ ያለውስ ሙዚቃ?

መምህሩ፦ የኪስቶን፣ የኤሳናይና የሚውቹዋል ፊልም ኩባንያዎች ከሆኑ፣ ማለትም ከ1914 እስከ 1917፣ የሌላ ሰው ነው፤ የወደድከውን ስማ። ከ1918 ጀምሮ ያሉትን ግን በስተርጅና አንድ በአንድ እየመለሰ ሙዚቃ ደርሶላቸዋል። «ዘ ኪድ» 1971 ላይ ደረሰው፤ የመጨረሻው በ1976 ለ«ኤ ውማን ኦፍ ፓሪስ» ያዘጋጀው ነው። «ዘ ሰርከስ» ላይ ደግሞ በ80 ዓመቱ ግድም መክፈቻውን ዘፈን ራሱ ዘፍኖታል፤ ድምፁ ያረጀ፣ የሚንቀጠቀጥ ነው። ብዙ ሰው ያንን ዘሎ ወደ ቀልዱ ይሄዳል። አትዝለሉት።

የኪተን ወዳጅ፦ ኪተን ግን አይዘፍንም ነበር፤ ዕድለኞች ነን።

መምህሩ፦ አንተን ማን ጠየቀህ? በሉ፣ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው። የቀረውን ነገ እመልሳለሁ፤ «ከየትኛው ልጀምር» የሚለው ግን አይመለስም።