የእርግዝና መዝገቧ በስልክ ነው፤ ስልኩ ግን የባሏ ነው

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የምትኖረው ታናሽ እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ስማርት ስልክም የላትም። የክትትል መዝገቧን በመተግበሪያ እንድታይ ተነግሯት ባለቤቷ በራሱ ስልክ ከፍቶላታል። ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ ልትወልድ ነው?
እህቷ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲያ መሆን የለበትም። በእንግሊዝ አገር እናቶች ቀድሞ መዝገባቸውን በወረቀት ይዘው ይመላለሱ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ሆስፒታሎች እንደ ባጀርኔት ወዳሉ ዲጂታል የመዝገብ ሥርዓቶች ስላዞሩት፣ የደም ግፊቱም፣ የምርመራው ውጤትም፣ የሚቀጥለው ቀጠሮም የሚታየው በስልክ ሆኗል። ለብዙዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እህትዎን ለመሰሉ እናቶች ግን በእጃቸው የነበረውን ወረቀት ከመውሰድ ያለፈ ጥቅም አላስገኘም። በዚያ አገር ጥቁር እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ተደጋግሞ በተረጋገጠበት ሁኔታ፣ ነገሩን እንደ ቀላል ጉድለት ማየት አይገባም።

ስለዚህ በቀጣዩ ቀጠሮ የመዝገቧ ቅጂ በወረቀት እንዲሰጣትና የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላት አዋላጇን ትጠይቅ። ቅጂውን ማግኘት በሕግ የተጠበቀ መብቷ ነው። ናይስ የተባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ አስተርጓሚው የቤተሰብ አባል ወይም ወዳጅ ሳይሆን ገለልተኛ ሰው እንዲሆን ይመክራል። ባለቤቷ ምንም ያህል አሳቢ ቢሆን፣ አዋላጆች ነፍሰ ጡሯን ለብቻዋ የሚጠይቋቸው ጉዳዮች አሉ። መዝገቡ በእሱ ስልክ እንደሚከፈት አስቀድማ ብትናገር፣ እንዲታይ የማትፈልገው ነገር በመተግበሪያው ላይ እንዳይወጣ መጠየቅ ትችላለች።

ሌላው ብዙ የአገራችንን ሰዎች የሚያስቸግረው የስምና የቀን ጉዳይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመዘገብ፣ ፊደሉም አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሲሆን፣ የአንዲት እናት መዝገብ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስሟንና የትውልድ ቀኗን ፓስፖርቷ ላይ እንደሰፈረው ትስጥ፤ አሥር አሃዝ ያለውን የኤንኤችኤስ (የአገሪቱ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ቁጥሯንም በወረቀት ጽፋ ትያዝ። በኛ አቆጣጠር «መስከረም 5» ብላ የምትናገረው ቀን እንዲሁ «ሴፕቴምበር 5» ተብሎ ከተጻፈ ቢያንስ የአሥር ቀን ስሕተት ይገባል። ቀን በተናገረች ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስተርጓሚው ያብራራላት።