ሞራ ሳይሆን ማኩላ ነው ለተባልሽው እህቴ

«እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፣ ሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ይኖራሉ። ሐኪሙ ሞራ አይደለም፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ ጉዳት ነው አለን። ቀዶ ጥገና የለውም? ሊታወሩ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አንኮበር ያሉትን አባቴን ይዤ አራት ዓመት ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ።

በቅድሚያ ልብሽ ይረፍ። በዚህ በሽታ ብቻ ሰው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይገባም። ማኩላ ከዓይን ጀርባ፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን (ሬቲና) መሐል ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ፊት የምንለየው፣ የምናነበው፣ ክር በመርፌ የምናስገባው በእሷ ነው። ስትጎዳ መሐሉ ይደበዝዛል፤ ዳር ዳሩ ይቀራል። ሞራ ከሆነ የጨለመው ሌንስ ወጥቶ ሌላ ይተካል። ለማኩላ ግን መተኪያ የለም። ለዚህ ነው ቀዶ ጥገና ያልታዘዘላቸው።

የእኛን ጥፋት ስሚኝ። አባባ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ ገለባ ግራ ዓይናቸው ገባ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ቀና አሉና «የሰዉ ሁሉ ፊት ምን ሆነ?» አሉ። ቀኝ ዓይናቸው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ግራው ሲሸፍንለት ስለኖረ አላወቁም። የመጀመሪያው ያሳየናቸው ባለሙያ «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይወጣል» አለን። ሰባት ወር ጠበቅን። አዲስ አበባ የሬቲና ሐኪም ሲያያቸው ቀኙ ጠባሳ ሠርቷል። ያ ሰባት ወር እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በሽታው ሁለት ዓይነት ነው፣ ደረቅና እርጥብ። ደረቁ በዓመታት ቀስ እያለ ይሄዳል። እርጥቡ ከማኩላው ሥር ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ደምና ፈሳሽ ሲያፈሱ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ያበላሻል። ደረቁም ወደ እርጥብ ሊለወጥ ይችላል። የእናትሽ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ጠይቂ።

የአባባ ግራ ዓይን ደረቅ ነበር። ሐኪሙ አራት ማዕዘን መስመሮች ያሉት ወረቀት ሰጠን፤ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ወረቀት ባይኖርሽም የበር መቃን ይበቃል። እናትሽ ጠዋት ጠዋት መነጽር ካላቸው አድርገው፣ አንዱን ዓይን ሸፍነው በሌላው ይዩ። ከዚያ ይቀይሩ። አንድ ጠዋት አባባ «መቃኑ ጎብጧል» አሉ። መቃኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ለካ ደረቁ ወደ እርጥብ ተለውጧል። በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ነበርን፤ ግራው ተረፈ።

የእርጥቡ ሕክምና ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። በጠብታ ያደነዝዙታል፣ በአዮዲን ያጥቡታል፣ መርፌው በነጩ በኩል ገብቶ ሲወጣ ሰከንዶች ነው። ማታውን ይቆጠቁጣል፤ ነጩ ላይ ደም መስሎ ሊታይም ይችላል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም ዕይታው ከቀነሰ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመለሱ። ለአባባ የተሰጠው አቫስቲን ነው። ወንድሜ «የካንሰር መድኃኒት» የሚል አንብቦ ደነገጠ። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለካንሰር ነው፤ ለዓይን በጣም በትንሹ ይሰጣል፣ ከሌሎቹም ይረክሳል። መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። አንዴ ተወግቶ መቅረት የለም። ከደብረ ብርሃን ብቻ እንኳ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከአሁኑ ለዩት። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ከመርፌው በኋላ ጥቂት ቀን ውኃ ዓይናቸው እንዳይገባ።

ይህ መርፌ ለደረቁ አይሠራም። መካከለኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ሐኪሙን ስለ ቫይታሚኑ ጠይቂው፦ ሲ 500 ሚሊግራም፣ ኢ 400 ዩኒት፣ ዚንክ 80፣ መዳብ 2፣ ሉቲን 10፣ ዚያዛንቲን 2 ሚሊግራም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ በሉቲንና በዚያዛንቲን ፋንታ ቤታ ካሮቲን የነበረበት ቅልቅል ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገርን ዕድል በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጠፋውን አይመልስም። ቤታ ካሮቲን ያለበትን ለሚያጨስ ሰው አትግዙ፤ የሳንባ ካንሰር ስጋት ይጨምራል። ሲጋራ ራሱ የዚህ በሽታ ትልቅ አባባሽ ነው። ጎመን ግን ሉቲን የሞላበት ስለሆነ ከማዕድ አይጥፋ። አንቺም 50 ስትሞዪ ታይ፤ በዘር ይሄዳል።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። አባባ ከጽዱ ሥር ነጭ የለበሱ ሰዎች ተቀምጠው ያዩ ነበር። አይናገሩም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። «አበደ እንዳልባል» ብለው ሁለት ወር ደበቁን። ጎረቤት ሲሰማ «መንፈስ ነው» አለ። ሐኪሙ ግን ስም አለው አለን፣ ቻርልስ ቦኔት ይባላል። ዓይን መላክ ያቆመውን ምስል አንጎል ከራሱ ሲሞላው ነው። ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሱ ይጠፋል። ይህን ከሰሙ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናትሽን በለሆሳስ ጠይቂያቸው፤ ምናልባት እሳቸውም ደብቀው ይሆናል። ድምፅ የሚሰሙ ወይም የሚቀባዥሩ ከሆነ ግን ሌላ ምርመራ ነው።

ቤቱን ደግሞ አመቻቹላቸው። የደጃፋችንን ደረጃ ጠርዝ ኖራ ቀባነው። ቡናው በነጭ ስኒ ይቀዳላቸዋል፣ መቀመጫቸው መስኮት አጠገብ ነው። ዳዊታቸውን ቃላቸው ያውቀዋል፤ የረሱትን የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ፊት ለፊት ሲያዩ ፊቴ ስለሚጠፋባቸው አሁን ጆሮዬን እያዩ ነው የሚያወሩኝ። እንዲህ ሲያደርጉ «ከሳህ» ይሉኛል።