የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ጸሎት በታክሲ ሰልፍ፣ ጾም ከስኳር ሕመም ጋር፣ የሱቅ ሚዛንና አሥራት

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ሁሉም የተጻፉት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ስለሆነ መልሳችንም በዚያው ሥርዓት ነው።

«ከቤት የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ልጠብቅ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ አቋረጥኩ። ማታ ዳዊት ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ምን ይሻለኛል?» (ከአዲስ አበባ)

ያቋረጡት ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለንም። በአንድ ጊዜ የተሸከሙት ሸክም ለገዳም ኑሮ የተሠራ ነው። ነግህ (ንጋት)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት) በመዝሙር 118፥164 «ሰባት ጊዜ በቀን» የተባለውን ይከተላሉ፤ በሁሉም ላይ ረጅም ጸሎት ለማድረስ ግን ደወል የሚደወልበትና ሥራው በጸሎቱ ልክ የተመጠነበት ቤት ያስፈልጋል። እርስዎ ነግህንና ንዋምን አጥብቀው ይያዙ፤ አምስቱን በአጭር ቃል ያስቡ።

ለነግህ 12 ደቂቃ ይበቃል። ፊትዎን ይታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ፤ ተቀምጠው የጀመሩት ጸሎት በዚያ ሰዓት ወደ እንቅልፍ ይወስዳል። በስመ አብ ብለው ያማትቡ፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ ሁለት መዝሙር። መዝሙረ ዳዊት በአሥር አሥር መዝሙር ተከፍሎ 15 «ንጉሥ» አለው፤ በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግሙ ሰዎች በ15 ቀን ይጨርሱታል። እርስዎ በቀን ሁለት መዝሙር ቢያደርሱ ወደ 75 ቀን ይፈጅብዎታል። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡበት አንድ ቦታ አለና አስቀድመው ይወቁት፦ 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር ነው። እንደ ሌላው በአንድ ጠዋት ልወጣው ካሉ ታክሲ ያመልጥዎታል፣ በማግስቱም ዳዊቱን መግለጥ ያስፈራዎታል። መዝሙሩ ግን በዕብራይስጥ ፊደላት ስም አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22 ክፍል፣ ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ ተከፍሏል፤ በቀን ሁለት ክፍል ቢሉ በ11 ቀን ያልፉታል።

የማታውን ጸሎት ከራት በፊት ያድርጉት። ከራት በኋላ፣ ያውም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከሆነ፣ ሰውነት ቀኑን ዘግቶታል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ለዚህ ጊዜ ያቆዩት፤ ለሳምንቱ ቀን ሁሉ የተከፋፈለ ስለሆነ የዛሬው ምን ያህል እንደሆነ ያውቁታል።

የቀኑ ሰዓታት ሰልፍ ላይም ይሆናሉ። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በ6 ሰዓት ጌታ መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን አሳልፎ መስጠቱን አስበው በልብዎ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። 41 ጊዜ ለማድረስ መቁጠሪያ ካልያዙ እጅዎ ይበቃል። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አንጓ አላቸው፤ በአውራ ጣትዎ ጫፍ አንድ በአንድ ሲነኳቸው 12 ይሆናል። ሦስት ዙር 36 ነው፤ በመጨረሻ አምስቱን ጣቶች ሲጨምሩ 41። እጅዎ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ ማንም አያይም።

ከስልክ ላይ የሚጸልዩ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያጥፉ። በጸሎተ ሃይማኖት መካከል የገባ አንድ የቴሌግራም መልእክት የቀረውን ጸሎት ይዞት ይሄዳል። ሌላው የሚያፈርሰው ዕዳ መቁጠር ነው፦ ሰኞ ያለፈችዎትን ማክሰኞ ላይ ደርበው ልክፈል ካሉ ረቡዕ ሁሉንም ይተዉታል። ያመለጠው አምልጧል፤ ማክሰኞ የማክሰኞውን ያድርሱ። ለ40 ቀን ያህል ከያዙት በኋላ የንስሐ አባትዎን አማክረው ይጨምሩ።

«እናቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። አምና በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ‹በስተርጅና ጾሜን አልፈታም› ይላሉ። ምን ልበላቸው?» (ከባሕር ዳር)

እናትዎ የሚፈሩት ጾም መፍታትን ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር እንደተቀላቀለባቸው ቀስ ብለው ያስረዷቸው። ጾም ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል አለው፤ እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህል ከውኃ መከልከልም አለው። የሚጥላቸው ሁለተኛው ነው። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ሲቆዩ በደም ያለው ስኳር ይወርዳል፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ስግደቱ ይበረታል፣ ስግደት የጉልበት ሥራ ስለሆነ ስኳሩን ይበልጥ ያወርደዋል። አምና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወደቁት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ይራራል። ይህን ግን ከልጅ አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ይስሙት፤ እናት ከልጅ የሰማችውን «ስለምታዝንልኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ካህኑን ቤት ይጋብዙ፣ የሐኪሙን ቃል በፊታቸው ይንገሯቸው፤ ሰዓቱን እንዲቀንሱላቸውና ስግደቱን እንዲያቀሉላቸው ይጠይቁ። ካህን ያዘዘው ቁርስ ለእናትዎ የጾም መፍቻ መስሎ አይታያቸውም።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የምግቡ ዓይነትና ሰዓት ሲለወጥ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል አለበት፣ ይህን ቤት ውስጥ በግምት አያድርጉት። የጾም ማዕድ ሌላም ወጥመድ አለው፦ ሥጋና ወተት ሲወጣ ቦታውን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታና ስኳር የበዛበት ሻይ ይይዘዋል፤ ጠዋት የወረደው ስኳር ማታ ወደ ላይ ይወጣል። የትሪውን ግማሽ በጎመን፣ በፎሶሊያና በሰላጣ ይሙሉት፤ ከቀረው ግማሽ አንዱን እጅ ምስር፣ ሽሮ ወይም ባቄላ፣ ሌላውን እንጀራ ያድርጉት።

መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታት፣ የንግግር መደናገር ካዩ «9 ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ጥቂት ይታገሡ» አይበሉ። በመለኪያው ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ብቻ ከታየ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተሻላቸው ይድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይጨምሩ፣ ማርም ቢሆን፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በጎን አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ያድርሷቸው። ቅዳሴ ሲሄዱም ስኳሩ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ይሂድ፤ አጠገባቸው የሚቆሙት ጎረቤት ይህን ይወቁ።

«እህልና ቅመም በችርቻሮ እሸጣለሁ። ለ11 ዓመት ሚዛኔ በኪሎ 50 ግራም ያጎድል ነበር፤ እያወቅሁ ተውኩት። አሁን ንስሐ ልገባ ነው። የገዙኝን ሰዎች ግን ከየት አገኛቸዋለሁ?» (ከደሴ)

ወንድማችን፣ ይህን በግልጽ መጻፍዎ ከባዱን መንገድ አስጀምሮዎታል። ለንስሐ አባትዎም በዚሁ ቃል ይንገሩ፦ «በኪሎ 50 ግራም፣ 11 ዓመት፣ እያወቅሁ።» «ነጋዴ ነኝና ከኃጢአት አልጠራም» ብሎ መናዘዝ ምንም እንዳልተናገሩ ነው፤ ካህኑም ቀኖናውን (የንስሐውን ቅጣት) በምን ልክ እንደሚሰጡ አያውቁም።

ከኑዛዜው በፊት ሚዛኑ ይስተካከል። ባለ ሁለት ሳህን ከሆነ ባዶውን ቀጥ ማለቱን ይዩ፤ ከዚያ 1 ኪሎ እህል በመመዘኛ ብረቱ ልክ ካስተካከሉ በኋላ እህሉንና ብረቱን ሳህን ያለዋውጡ። ሚዛኑ ካዘነበለ ክንዱ እኩል አይደለም። ካላዘነበለ ስሕተቱ ብረቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀና የተበላ ብረት ይቀላል፣ ይለወጥ። የኤሌክትሪክ ሚዛን ከሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያኑሩት፣ ፌስታሉን ወይም ቆርቆሮውን አስቀምጠው ዜሮ ካደረጉ በኋላ ብቻ ይመዝኑ። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» (ምሳሌ 11፥1) የሚለው ፌስታሉንም ይጨምራል።

አሁን ወደ ካሳው። በኪሎ 50 ግራም ማለት ከ20 ኪሎ አንድ ኪሎ፣ ከኩንታል 5 ኪሎ ነው። በወር አራት ኩንታል ሸጠው ከሆነ በወር 20 ኪሎ፣ በዓመት 240 ኪሎ፣ በ11 ዓመት 2,640 ኪሎ የሰው እህል በእጅዎ ቀርቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ይጻፉት። ያልተጻፈ ዕዳ በየወሩ እየቀለለ ይሄዳል።

ደንበኞችዎን የሚያውቋቸው ከሆነ ለእነርሱ ይመልሱ። ፊት ለፊት መናገር ካልቻሉ በኪሎው ላይ 50 ግራም ጨምረው 1,050 ግራም ይስጡ፤ ዋጋ ግን አይጨምሩ፣ ያን ጊዜ ካሳውን ራሳቸው ከፈሉት ማለት ነው። የማያውቋቸውን ድርሻ በእህል ለድሆች ይስጡ፤ ስምዎ አይጠራበት። ይህ ምጽዋት ወይም አሥራት ሆኖ አይቆጠርም፤ የሰው ገንዘብ ነው። ዘኬዎስ ለበደላቸው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃስ 19፥8)፤ የእርስዎን ልክና የሚከፍሉበትን ዓመት ብዛት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ። ልጆችዎ የሚበሉትን እስኪያጡ ድረስ በአንድ ወር ልጨርስ ማለት አያስፈልግም፤ በየወሩ የማይቋረጥ ይሁን።

«ኩዌት በሰው ቤት እሠራለሁ። እመቤቲቱ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ ትሰጠኛለች፤ ደብቄ እጥለዋለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?»

እኅታችን፣ ምግብ መጣሉን ያቁሙ፤ ቢገኝ እምነትዎን እንደ ንቀት ያዩታል። ጾም በዐረብኛም «ሲያም» ነው፤ ቃሉን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። በሰላሙ ሰዓት አንድ ጊዜ ይንገሯት፦ አርቢዓና ጁምዓ ሲያም አለብኝ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፤ ዓደስ (ምስር)፣ ፉል (ባቄላ)፣ ሑሙስ (ሽምብራ)፣ ሩዝ በዘይት ይበቃኛል። «አልበላም» ብቻ ካሉ ኩርፊያ ይመስላታል፤ የሚበሉትን መንገር ነው የሚያረጋጋት። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ በእነዚያ ቀናት የሰጠችዎትን በደስታ ይብሉ። ሌላ የሚበላ ፈጽሞ ከከለከሉዎት ግን በዚያ ሥራ ላይ ራስዎን አያስርቡ፤ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ።

«ለወላጆቼ በየወሩ እልካለሁ። ከአሥራቴ ላይ ልቀንሰው? ደግሞስ አሥራት ከየትኛው ደመወዝ ነው?» (ከሐዋሳ)

ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅዎ ከገባው ያውጡ ብለን እንመክራለን። 10,000 ብር ከገባ አሥራቱ 1,000 ነው። ዕቁብና ቁጠባ አይቀነሱም፣ ተመልሰው የእርስዎ ናቸውና። ነጋዴ ቢሆኑ ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ ነበር፦ 80,000 ሸጠው፣ ዕቃው 62,000 ከፈጀ፣ ኪራይና መብራት 8,000 ከሆነ፣ የቀረው 10,000 ላይ ነው የሚሰላው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሱቅ ወጪ አይደለም። ደመወዝ በገባ ዕለት ለይተው ያስቀምጡት፤ ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈው የሚወጣ አሥራት አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ሲሰጡም ደረሰኝ ይቀበሉ።

የወላጆች ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። ጌታ «ቁርባን» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው) እያሉ ሰው አባትና እናቱን እንዳይረዳ ያደረጉትን የገሠጻቸው በማርቆስ 7፥11 ነው፤ ስለዚህ ወላጆችን ነፍጎ አሥራት ማውጣትም አይሆንም። ሁለቱ አብረው አልቻል ካሉዎት ለወላጆችዎ የግድ የሚያስፈልገውን፣ ለምሳሌ መድኃኒት፣ አስቀድመው ይላኩ፣ ደመወዝዎንና ወጪዎን በአንድ ወረቀት ጽፈው ለንስሐ አባትዎ ያሳዩ፤ ከአሥር አንዱን እስኪያደርሱ በየስንት ወሩ ምን ያህል እንደሚጨምሩ በዚያው ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉ።